ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ፦ «ገጽታ»ን ጭብጥ ያደረገ መስቀለኛ ቃላት አሠራር፣ ከባዶ ሰንጠረዥ እስከ መልስ ገጽ

መስቀለኛ ቃላት ለመሥራት ጀምረው የሚተዉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ቃላቱ አይገጥሙላቸውም። ሦስቱን አቋርጠው (አግድሙና ቁልቁሉ አንድ ፊደል እንዲጋሩ አድርገው) አራተኛው ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ ላጲስ፣ ከዚያ ንዴት። ሁለተኛ፣ ሰንጠረዡ እንደምንም ሞልቶ ፍንጩን እንደ መዝገበ ቃላት ይጽፉታል፦ «ፊት መሸፈኛ»፣ «የዛፍ ልብስ»፣ «ቁንጅና»። ፈቺው አምስት ደቂቃ ሞልቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል።

እዚህ የምንሠራው አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ ነው፤ ጭብጡ የላይ ገጽታ፣ ማለትም ሽፋን፣ መልክ፣ ልብስ፣ ታይታ። ጭብጡን የመረጥኩት ስለሚያስተምር ነው። ጥሩ ፍንጭ ራሱ ጭምብል ያጠለቀ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ላዩን ሲያነቡት አንድ ነገር ያወራል፣ ሲፈቱት ሌላ ነገር ይወጣል። ሰምና ወርቅ የሰማ ጆሮ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሚቸግረው ማድረጉ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ባለ ካሬ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ እና አንድ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። «አንድ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሁለት መዝገበ ቃላት ካሉ ሁለት አጻጻፍ አለ፣ እናንተም ሲመቻችሁ አንዱን ሲመቻችሁ ሌላውን ትጠቅሳላችሁ። ፈቺው ይህን ይቅር አይልም።

በ5×5 ሰንጠረዥ ጀምሩ። 15×15 የምታዩት በላቲን ፊደል ለሚጻፍ ቋንቋ የተለመደ ነው፤ እነሱ የሚያቋርጡት 26 ፊደል ብቻ ነው። እኛ 33 ሆሄ በ7 ድምፅ፣ 231 ምልክት እናቋርጣለን። «በ» እና «ብ» አይገጥሙም። ቃላችሁ አራተኛው ላይ የቆመው ስለሰነፋችሁ አይደለም፣ በዚህ ምክንያት ነው።

## ደረጃ 1፦ የፊደል ሕጋችሁን በጽሑፍ ቁረጡ

ይህን ሳይጽፉ የጀመሩ ሁሉ መሃል ላይ ሕግ ይለውጣሉ። ከሰንጠረዡ በላይ በሁለት መስመር አስቀምጡት፣ ፈቺውም ያንብበው።

1. ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት አንድ አድርጉ ወይም ለዩ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ለጀማሪ ምክሬ፦ አንድ አድርጉ።
2. ግዕዙንና ራብዑን በሚያመሳስሉ ሆሄያት ላይም ወስኑ፦ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ።
3. ቷ፣ ሟ፣ ኳ፣ ቋ አንድ ሳጥን ይያዙ። «ቋንቋ» ሦስት ሳጥን ነው።
4. ሁለት ቃል የሆነ መልስ ክፍተቱን ሳጥን አትስጡት፤ በቅንፍ ቁጥር አመልክቱ። «ደም ግባት» (2፣ 3) ይሆናል።
5. ሁለት አጻጻፍ ያላቸውን ቃላት ለይታችሁ አንዱን ምረጡ፦ ጭምብል ወይስ ጭንብል፣ ግምባር ወይስ ግንባር፣ መስታወት ወይስ መስተዋት።

ሲበላሽ፦ «ራስ» ሲገለበጥ «ስራ» ይሆናል ብላችሁ ደስ ብሏችኋል እንበል። ሠን እና ሰን የለየ ሕግ ከጻፋችሁ ግን ትክክለኛው «ሥራ» ነው፣ ግልበጣውም አይሠራም። ያን ጊዜ ሕጉን አትንኩ፤ ፍንጩን ጣሉ። ለአንድ ፍንጭ ሲባል የተቀየረ ሕግ ሌሎች ሦስት ቃላት ያበላሻል።

## ደረጃ 2፦ ቃላት ሰብስቡ፣ ከዚያ ግማሹን ጣሉ

ወደ 40 የሚጠጋ ቃል ጻፉ። በሦስት ክምር ብትለዩት ይቀላል፦ የሚሸፍን ነገር (ጭምብል፣ ልብስ፣ ካባ፣ መጋረጃ፣ ቅርፊት፣ ልጣጭ፣ ላባ፣ ቅብ)፣ የሚታይ ነገር (ፊት፣ ገጽ፣ መልክ፣ ምስል፣ ውበት፣ ወዘና፣ ቀለም)፣ እና ሰው ለሰው የሚያሳየው (ታይታ፣ ይሉኝታ፣ ግብዝ፣ አስመሳይ፣ ሽንገላ፣ ክብር)።

አሁን ጣሉ።

ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት አብረው አይገቡም። «ልብስ» ካለ «ልባስ» ይውጣ፣ «ገጽ» ካለ «ገጽታ» ይውጣ። ብዙ ቁጥርም አታስገቡ። «ጭምብሎች» ለመግጠም የሚያመች ይመስላል፣ ግን «ል» ወደ «ሎ» ሲቀየር መጨረሻውን ያሳጣችኋል፣ ደግሞም የጨነቀው አዘጋጅ ዘዴ እንደሆነ ያስታውቃል። ግስ ካስፈለገ በሃላፊ ጊዜ፣ ሦስተኛ ሰው፣ ወንድ፣ ነጠላ ይሁን፦ «ለበሰ»፣ «ሸፈነ»። «አልተሸፈነችም» የሚል መልስ ያለበት ሰንጠረዥ አይቼ አውቃለሁ፤ ስምንት ሳጥን ነበር፣ አዘጋጁ በጣም ኮርቶበታል።

## ደረጃ 3፦ ሕያውና ሙት ፊደላትን ለዩ

ይህ ደረጃ ሁሉም የሚዘለው ነው፤ ሰንጠረዥ የሚያስጨርሰውም ይህ ነው።

በእያንዳንዱ ቃል ላይ ሌላ ቃል ሊጀምርበት ወይም ሊያልቅበት የሚችለውን ፊደል ክበቡ። ሳድስ ፊደል (ብ፣ ል፣ ም፣ ስ፣ ር፣ ት) ብዙ ጊዜ ሕያው ነው፤ ስሞቻችን በሳድስ ይጀምራሉም፣ ያልቃሉም። «ጭምብል» አራቱም ሳድስ ስለሆነ ወርቅ ነው። «ክብር»፣ «ምስል»፣ «ልብስ» እንዲሁ።

«ይሉኝታ»ን ደግሞ ተመልከቱ። ይ፦ «ላይ» ያልቅበታል፣ የ«ታይታ»ም መሃል ነው፤ ሕያው። ሉ፦ «ሉል»፣ «ሉህ»፣ ከዚያ ጭንቅላት ማከክ። ኝ፦ የሚጀምርበት ቃል የለም ማለት ይቻላል። ታ፦ ሕያው። ስለዚህ ይህን ቃል የምታስገቡት ሉ እና ኝ በማይቋረጡበት ቦታ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሞ ያላየ ሰው ሁለት ሰዓት ያባክናል።

ማስጠንቀቂያ፦ በጆሮ ሳይሆን በዓይን ለዩ። «ፊታውራሪ» ውስጥ «ፊት» ይሰማል፣ ግን በሳጥን ሲጻፍ ፊ‑ታ ነው፤ ት የለም። «መልካም» ውስጥ «መልክ» የለም፣ «ልባም» ውስጥም «ልብ» የለም። በሌላ በኩል «ቅርፊት» ውስጥ «ፊት» በትክክል አለ፣ «ልብስ» በ«ልብ» ይጀምራል፣ «ሽንገላ» በ«ገላ» ያልቃል። እነዚህን ለይታችሁ ያዙ፤ ፍንጭ ላይ ይመጣሉ።

## ደረጃ 4፦ ሰንጠረዡን ግጠሙ

በአሜሪካ የተለመደው ሰንጠረዥ እያንዳንዱን ፊደል በአግድምም በቁልቁልም ቃል ያስገባዋል። በእንግሊዝ የሚወጡት ስውር ፍንጭ ያላቸው ሰንጠረዦች ግን ግማሽ ያህሉን ፊደል ሳይቋረጥ ይተዋሉ። ለእኛ ፊደል ሁለተኛውን ተከተሉ። የመጀመሪያውን በ231 ምልክት ለመሙላት መሞከር በገዛ እጅ መታሰር ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አታዛቡት።

1. ሳድስ የበዛበትን ረጅም ቃል ላይኛው ረድፍ ላይ፣ ከግራ ጥግ ጀምራችሁ ጻፉ። እኔ «ጭምብል» አልኩ።
2. ከሁለተኛው ፊደል ቁልቁል ውረዱ። ከ«ም» «ምስል» ይወርዳል።
3. የወረደው ቃል መጨረሻ ላይ አግድም ቃል አስገቡ፤ ያ ፊደል መጀመሪያ ባይሆን ይመረጣል። የ«ምስል» ል የ«መልክ» መሃል ሆነ።
4. ከዚህ ቃል መጨረሻ እንደገና ውረዱ፦ ከ«ክ» «ክብር»።
5. ታችኛውን ረድፍ በሌላ ረጅም ቃል ዝጉ። «ር» በ«ቅርፊት» ውስጥ ሁለተኛ ፊደል ነው።
6. የቀሩትን ጥጎች በአጫጭር ቃላት ሙሉ፦ ከላይ ከ«ል» «ልጅ»፣ ከታች በ«ት» የሚያልቅ «ውበት»።
7. ባዶ የቀረውን አጥቁሩ።

ውጤቱ፦

ጭ ም ብ ል ■
■ ስ ■ ጅ ■
መ ል ክ ■ ው
■ ■ ብ ■ በ
■ ቅ ር ፊ ት

ቁጥር ስትሰጡ ከላይኛው ግራ ጀምራችሁ ረድፍ በረድፍ ሂዱ፤ ቃል የሚጀምርበት ሳጥን ሁሉ ቁጥር ያገኛል። 1 አግድም ጭምብል፣ 2 ቁልቁል ምስል፣ 3 ቁልቁል ልጅ፣ 4 አግድም መልክ፣ 5 ቁልቁል ክብር፣ 6 ቁልቁል ውበት፣ 7 አግድም ቅርፊት።

ከ16ቱ ነጭ ሳጥኖች 6ቱ ብቻ ናቸው የሚቋረጡት። ጥቂት ነው፣ ግን ለመነሻ ይበቃል፤ ቢያንስ አንድ መቋረጫ የሌለው ቃል የለም። ያልተቋረጠ ፊደል ፈቺው ከፍንጩ ብቻ ማግኘት ያለበት ፊደል ነው። ይህን አስታውሱ፣ «ውበት» ላይ እንመለስበታለን።

ሰንጠረዡ በግማሽ ዙር ሲዞር ጥቁሮቹ ሳጥኖች ያው ቦታ ላይ መውደቅ አለባቸው የሚባል ልማድ አለ። የኔው ሲዞር አይገጥምም። አልተጨነቅኩም፤ ይህ ለዓይን ማማር ነው፣ ፈቺውን አይረዳም አይጎዳም። ከአሥር ሰንጠረዥ በኋላ ተጨነቁበት።

አንድ ቃል እንቢ ሲል፦ መጨረሻ የገባውን ቃል ብቻ አንሱ፤ ከእሱ በፊት ያለውን አትንኩ። ሦስት ሌላ ቃል ሞክራችሁ ካልሆነ የዚያን ቃል መነሻ አንድ ሳጥን አንሸራትቱ። አሁንም ካልሆነ ያን ጥግ አጥቁሩት። ሁሉን አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር የመጨረሻ አማራጭ ነው፣ የመጀመሪያ አይደለም።

የጎን ግጭት፦ ሁለት ቃላት ሳይታሰብ ጎን ለጎን ሲገቡ የማትፈልጉት ቃል ይፈጠራል። መጀመሪያ «ልጅ» ባለበት ቦታ «ልጣጭ» ነበር ያስገባሁት፤ ጭብጡም ይስማማዋል። ግን ጭ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከ«መልክ» ጎን ገብቶ «መልክጭ» ሆነ። በእያንዳንዱ ቃል ማስገባት ማግስት ረድፉንም ዓምዱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቡ።

## ደረጃ 5፦ ፍንጩን ሥሩ

አንድ ፍንጭ ሁለት ነገር ይይዛል፦ ፍቺ እና ብልሃት። ፍቺው መልሱን በሌላ ቃል ይናገራል፤ ብልሃቱ ፊደላቱን ይሰጣል። ፍቺው ፍንጩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ መሃል ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። ሁለቱ ተገጣጥመው አንድ የሚያስማማ ዓረፍተ ነገር ይመስላሉ። ያ ዓረፍተ ነገር ሰሙ ነው።

ብልሃቶቹን ከቀላሉ እንጀምር።

### ህብር

አንድ ቃል፣ ሁለት ፍቺ። አማርኛ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

«መጽሐፍ ሲገለጥ የሚቆጠር፣ ሰው ሲቆጣ የሚለወጥ» (2)፤ ገጽ።
«ግድግዳ የሚቀባው፣ ተማሪ የሚቆጥረው» (3)፤ ቀለም።
«አንዱ ጫካ ይገባል፣ አንዱ ቆዳ ላይ ይወጣል» (3)፤ ሽፍታ።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ ተጨማሪ ዕድል አላችሁ። «ዋና» ላልቶ ውሃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ከሁሉ የሚቀድም። «ገና» ላልቶ አልደረሰም፣ ጠብቆ በዓል ነው። ሳጥኑ ልዩነቱን አያውቅም። ሁለቱ ፍቺዎች ግን በእውነት የተለያዩ ይሁኑ፤ «ፊት፦ የሰው ግንባር ያለበት፣ አፍንጫ ያለበት» ህብር አይደለም፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ነው።

### መክፈል

መልሱን ሁለት ቦታ ቁረጡት። «ቅርፊት» ቅር እና ፊት ነው፣ ስለዚህ፦

«ዛፍ የለበሰው፣ ቅር ያለው ፊት» (4)

ፍቺው «ዛፍ የለበሰው»፤ የቀረው ብልሃት። ላዩን ሲያነቡት ኩርፊያ ያለበት ፊት ይታያል።

«መልክ» መ እና ልክ ነው፦ «የመስታወት አናት ልክ ላይ ሲቀመጥ የሚታየው» (3)። «አናት» የመጀመሪያውን ፊደል ይጠቁማል። «ክብር» ክ እና ብር፦ «በክት መነሻ ላይ ብር ጨምረው ሊገዙት የሚሞክሩት» (3)። የክት ልብስና ገንዘብ አንድ ላይ ሲመጡ ፈቺው ስለ ልብስ ግዢ ያስባል። ያስብ።

### መደበቅ

መልሱ በሁለት ቃላት ድንበር ላይ ይተኛል። «ምስል»ን ለመደበቅ በም የሚያልቅና በስል የሚጀምር ሁለት ቃል ፈለግሁ፤ «ወንድም ስልክ» ተገኘ።

«ከወንድም ስልክ ውስጥ የወጣ ፎቶ» (3)

ጠቋሚው «ከ… ውስጥ የወጣ» ነው። ይህ ለጀማሪ ፈቺ ስጦታ ስለሆነ በአንድ ሰንጠረዥ ከአንድ ወይም ሁለት አይብለጥ። በአንድ ቃል ውስጥ ብቻ አትደብቁ፤ ድንበር ያልተሻገረ ድብቅ ወዲያው ይታያል።

### መገልበጥ

«ልብ» ሲገለበጥ «ብል» ነው፣ ልብስ የሚበላው ትል። «ባላ» ሲገለበጥ «ላባ»፦ «ባላ ሲገለበጥ ወፍ የሚለብሰው» (2)። «ታይታ» ደግሞ ከየትም ቢነበብ ያው ነው፣ ትርጉሙን ሳስበው ሁልጊዜ ያስቀኛል፦ «ከፊትም ከኋላም ቢያዩት ያው፣ ለሰው ዓይን ብቻ የሚደረግ» (3)። በቁልቁል ለሚገቡ ቃላት «የወጣ»፣ «ከታች ወደ ላይ» ይስማማል፤ ለአግድም «የዞረ»፣ «የተመለሰ»።

### ማቀያየር

በላቲን ፊደል ዋናው ብልሃት ይህ ነው፣ በእኛ ግን አይቀናም፤ እያንዳንዱ ፊደል ድምፁን ይዞ ስለሚሄድ ቦታ ሲቀየር ቃል አይሆንም። የሚሠራው በሳድስ ቃላት ነው። «ብርክ» ሲነቃነቅ «ክብር»፤ «ቅድም» ሲነቃነቅ «ድምቅ»። ጥንድ ስታገኙ መዝግቡ፣ ብዙ አይደሉም።

### ማውጣትና መተካት

«ውበት»ን ሳየው «ውሸት» ትዝ አለኝ፤ ልዩነቱ መሃሏ ፊደል ናት። የመጀመሪያ ሙከራዬ «ውሸት መሃሉን ሲለውጥ ይማርካል» የሚል ነበር። ላዩ ያምራል፣ ግን ፍትሕ የለውም። መሃሉን በምን ይለውጥ? በሰንጠረዡ ላይ በ አይቋረጥም፣ ስለዚህ ፈቺው ፊደሏን የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ያልተቋረጠ ፊደል ከፍንጩ መውጣት አለበት ያልኩት ይህን ነው። ሁለተኛው ሙከራ፦

«ውሸት ሆዱን አውጥቶ የበጎ መጀመሪያ ቢከትበት ይማርካል» (3)

ው‑ሸ‑ት፣ ሆዱ ሸ ወጣ፣ የ«በጎ» መጀመሪያ በ ገባ። አሁን ሁሉም ፊደል ደረሰኝ አለው።

### አንዱን ከጥሬው እስከ ብስሉ

«ጭምብል»ን እንዴት እንደሠራሁት ላሳይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚተወው ሁለተኛው ሙከራ ላይ ነው።

ፊደላቱን በታተንኩ፦ ጭ‑ም‑ብ‑ል። መጨረሻው ብል ነው። ጭም ግን ቃል አይደለም፤ «ጭምት» ውስጥ አለ፣ ት ከተቀነሰ። ሙከራ አንድ፦ «ጭምት ያለ ት ከብል ጋር፣ የፊት መሸፈኛ»። ፊደሉ ትክክል ነው፣ ላዩ ግን የሂሳብ ቀመር ይመስላል። ማንም ሰው እንዲህ አያወራም።

ሙከራ ሁለት፦ «ጅራቱን ያጣ ጭምት ብል በልቶት ፊቱን የሚሸፍንበት»። ሰው መሰለ፣ ግን «በልቶት» ፊደል መግጠምን አይጠቁምም፤ መብላት ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ጠቋሚው ዋሸ።

እዚህ ላይ ብልን ተውኩትና ገለበጥኩት፤ ልብ። ጭምት ሰው፣ ልብ፣ ፊት፤ ሦስቱ አብረው ይኖራሉ።

«ጭምት ጅራቱን ጥሎ ልቡን ሲገለብጥ ፊቱን የሚሸፍንበት» (4)

ጭምት ት ሲጥል ጭም፤ ልብ ሲገለበጥ ብል፤ ፍቺው «ፊቱን የሚሸፍንበት»። ላዩን ስታነቡት ዝምተኛ መስሎ የኖረ ሰው ሲለወጥ ይታያል። ጭብጡም ይኸው ነው።

ሰባቱም እንዲህ አይሁኑ። «ልጅ»ን ሆን ብዬ ቀላል ተውኩት፦ «ከእናቱ ወጥቶ እናቱን የሚመስል» (2)። ፈቺው የሚይዘው አንድ ቅርንጫፍ ያስፈልገዋል።

## ደረጃ 6፦ እያንዳንዱን ፍንጭ መርምሩ

እርሳስ አንሱ። ፍቺውን አስምሩበት፣ ብልሃቱን ክበቡ። ያልተሰመረበትም ያልተከበበም ቃል ከቀረ ያ ቃል ይውጣ። «ብርክ የያዘው ሲናወጥ ለታላቅ የሚሰጥ» ብትሉ «የያዘው» ሥራ የለውም፤ ላዩን ለማሳመር ብቻ የገባ ነው። ፈቺው ግን ፊደል ይሰጠኛል ብሎ ሲያገላብጠው ይውላል።

ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

- አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይዟል? «‹ትፊ!› ቢሏት አዞረችው» የሚል ፍንጭ ለ«ፊት» ሠርቼ ነበር፤ ትፊ ሲዞር ፊት ይሆናል። ግን «አዞረችው» ግልበጣውንም ፍቺውንም ተሸከመ። ሳቅ አለው፣ ሕግ የለውም። ጣልኩት።
- ፍቺው ከመልሱ ጋር በሰዋስው ይስማማል? መልሱ ስም ከሆነ ፍቺው ስም ወይም «የሚ…» ብሎ ስም የሚተካ ይሁን። ፍቺው ሴት፣ መልሱ ወንድ አይሁን። የኔው የ«ውበት» ፍንጭ «ይማርካል» ብሎ በግስ ያልቃል፤ እዚህ ስደርስ ነው ያየሁት። «ቢከትበት የሚማርክ» ብላችሁ አርሙት።
- የአንዱ ፍንጭ ቃል የሌላው መልስ ነው? «ልጅ» ያለበት ቦታ ከ«ልጣጭ» በኋላ ለአንድ ቀን «ልብ» ነበር። 1 አግድም ላይ «ልቡን» የሚል ስላለ አንዱ ሌላውን አጋለጠው።
- አንድ ጠቋሚ ተደጋገመ? «መነሻ»፣ «አናት»፣ «መጀመሪያ» እያልኩ የለዋወጥኩት ለዚህ ነው።
- ላዩ ብቻውን ሲነበብ ሰው የተናገረው ይመስላል? ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላስ ከተደናቀፈ ሰሙ ገና አልቀለጠም።

## ደረጃ 7፦ ሰው ላይ ሞክሩ፣ መልሱን አዘጋጁ

ለሁለት ሰዎች ስጡ፦ አንዱ መስቀለኛ ቃላት የለመደ፣ አንዱ ያልለመደ። አጠገባቸው ቁጭ በሉ፣ አፋችሁን ግን ዝጉ። «እሱ እኮ…» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሙከራው አልቋል።

የሚሆነውን እንዲህ ተርጉሙት።

*ትክክለኛ ቃል፣ ሌላ አጻጻፍ።* «ጭንብል» ጻፈና 2 ቁልቁልን በን ሊጀምር ሞከረ። ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ደረጃ 1 ላይ የመረጣችሁትን አጻጻፍ ሰንጠረዡ ላይ አላሳወቃችሁም። «በም የተጻፈ» ብላችሁ ከላይ አክሉ።

*ሌላ ቃል ገጠመለት።* ለ3 ቁልቁል «ልጅ» ፈንታ ሌላ ባለ ሁለት ፊደል ቃል አስገብቶ ፍንጩም ካልተቃወመው፣ ፍንጩ ላልቷል። ፍቺውን አጥብቁ ወይም ብልሃት ጨምሩበት።

*መልሱን አገኘ፣ ለምን እንደሆነ አላወቀም።* ፍቺው ከብልሃቱ በጣም ቀልሏል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ግን ድካማችሁ ባክኗል፤ ፍቺውን ጠምዝዙት።

*መልሱን ስትነግሩት «እህ!» ሳይሆን «እንዴት?» አለ።* ጠቋሚው ዋሽቷል። ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።

በመጨረሻ የመልስ ገጹን በተለየ ወረቀት አዘጋጁ። መልሱን ብቻ አትጻፉ፤ አሠራሩን በአጭሩ አስቀምጡ፦ «1 አግድም፦ ጭም(ት) + ልብ ተገልብጦ»፣ «2 ቁልቁል፦ ወንድ[ም ስል]ክ»፣ «6 ቁልቁል፦ ውሸት፣ ሸ ወጥቶ በ ገብቶ»። አሠራሩን ስትጽፉ እጃችሁ የሚያመነታበት ፍንጭ ካለ እሱን አውጡትና በሌላ ተኩ፣ ሰንጠረዡን ሳትነኩ።

ሲታተም ወይም በስልክ ሲለቀቅ የሳጥኑ ቁጥር ከላይ በግራ ጥግ ትንሽ ሆኖ ይቀመጥ፤ መሃል ላይ ከሆነ ፊደል መጻፊያ ቦታ ያጣል፣ በተለይ እንደ «ጭ» ያለ ሰፊ ፊደል።